ልጄ ኤሌክትሪክ ትማር ወይስ ትተው?

ባለፈው ዓመት ለሥራ ወደ አሰላ በሄድንበት ጊዜ በጽዳት ሥራ የሚተዳደሩ አንዲት እናት ጥያቄ አቀረቡልን። ሴት ልጃቸው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ወደ ቴክኒክና ሙያ ልትገባ ተሰናድታለች። እናት ልብስ ስፌት ወይም ምግብ ዝግጅት ትመርጣለች ብለው ሲጠባበቁ ልጅቱ «እማዬ፣ እኔ የምማረው ኤሌክትሪክ ነው፤ እሱ ካልተገኘ ብረታ ብረት» ትላቸዋለች። «ጎረቤት ምን ይለኛል? ቱታ ለብሳ መሰላል ላይ የምትወጣን ልጅ ማን ያገባታል? ደግሞስ ኤሌክትሪክ ቢይዝብኝስ?» አሉን እናት።

በዚያን ቀን የሰጠናቸው መልስ የችኮላ ነበር። ቆይተን ስናስበው ግን ሦስቱ ጥያቄዎች እኩል ክብደት የላቸውም። ከሁሉ የሚበልጠው የመጨረሻው ነው፤ ስለዚህ የቀሩትን በአጭሩ አልፈን ወደዚያው እንመለሳለን።

አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ግድም ላይ የተቀመጠች የስንዴና የገብስ ከተማ ናት። የእህል አገር ደግሞ የብረትም አገር ነው። በመኸር ወራት ኮምባይነር ማሳ መሐል ሲሰበር ባለቤቱ የሚሮጠው ወደ በያጅ ነው። የወፍጮ ቤት ሞተር ሲቃጠል የሚጠቀልለው ባለሙያ ይፈለጋል። የፈረስ ጋሪው አካል፣ የግቢው በር፣ የቤቱ መስኮት ሁሉ ከላሜራና ከቱቦላሬ ተቆርጦ የሚሠራ ነው። የብቅል ፋብሪካውም ቢሆን ያለ ኤሌክትሪክ ባለሙያ አይሠራም። እንግዲህ እንጀራው ሩቅ አይደለም።

ሙያውም ለከተማዋ እንግዳ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን እርዳታ ሥራውን የጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ ከምርጥ ዘርና ከማዳበሪያው ጋር የእርሻ መሣሪያ የሚሠራበትና የሚፈተንበት ክፍል ነበረው። የተሻሻለ ማረሻና በበሬ የሚጎተት ጋሪ ከዚያ ወጥቷል። በ1968 ዓ.ም. ድርጅቱ አርዱ ተብሎ ሥራው ወደ መላው አርሲ ሰፋ። ዛሬ መውቂያና ሌሎችም መሣሪያዎች የሚሠሩበት የአሰላ የእርሻ ምህንድስና ምርምር ማዕከል ሥሩ እዚያ ነው። ካዱ ሴቶችን ጨርሶ አልረሳም፤ ያስተማራቸው ግን በአብዛኛው የቤት አያያዝ፣ የልጅ አስተዳደግና የጓሮ አትክልት ነበር። ብረቱ ለወንዶቹ ቀረ። በዚያ ዘመን በሌላውም አገር ትምህርቱ እንዲሁ ይከፈል ስለነበር ካዱን ለይተን አንወቅስም።

የጎረቤት ወሬ ሥሩ ከዚህም ይርቃል። ማረሻ እየሠራ አገር ያበላው ባለእጅ «ቀጥቃጭ»፣ «ቡዳ» እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ዛሬ ብየዳ ቤት የከፈተ ጎልማሳ በሰፈሩ «ኢንጂነር» ሲባል እንሰማለን። ለሴቷ ግን ያው ስድብ «ወንዳወንድ» የሚል ስም ይዞ ተመልሷል። ጉልበት ይጠይቃል የሚሉም አሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ የመርከብ ፋብሪካዎች በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች በያጆች ነበሩ። ደግሞስ ሃያ ሊትር ውሃ ተሸክማ ዳገት የምትወጣ ልጅ መጋዝና ካቻቢቴ ይከብዳታል ማለት ምን ማለት ነው?

አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄ እንምጣ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላቸው እናቶች ሁሉ ሳያውቁት ከኃይለኛ ኤሌክትሪክ ጋር ይውላሉ። ምጣዱ 3 ሺህ 500 ዋት ገደማ የሚስብ ከሆነ፣ ይህ በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ይመጣል። ለመብራት የሚዘረጋው 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ይህን አይችልም፤ ይግላል፣ ሽፋኑም ይቀልጣል። ለምጣድ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ለብቻው ተዘርግቶ የራሱ ብሬከር ሊኖረው ይገባል። በስንት ቤት ግን ምጣዱ፣ ካውያውና ቴሌቪዥኑ በአንድ ቀጭን ገመድ ላይ ተደርድረው ይታያሉ! ባልቦላ ሲቃጠል ደግሞ በቦታው ወፍራም ሽቦ ይታሰርበታል። ባልቦላው የተቃጠለው ቤቱ እንዳይቃጠል ብሎ ነበር።

ሰውን ለመግደል 16 አምፔር አያስፈልግም። ከአንድ አምፔር ከመቶው ሦስት እጅ ያህሉ በደረት በኩል ካለፈ በቂ ሊሆን ይችላል። ሊጥ በነካ እርጥብ እጅ ስፒና የምትነቅል እናት የምድር ሽቦ በሌለው ቤት ውስጥ ከዚህ አደጋ ጋር ትኖራለች። ኤሌክትሪክ የምትማር ልጅ ግን መጀመሪያ የምትማረው ማጥፋትን፣ ከዚያም በእርግጥ መጥፋቱን በመሣሪያ ፈትሾ ማረጋገጥን ነው። ከሁለቱ ለአደጋ የቀረበችው የትኛዋ እንደሆነች እናቶች ይፍረዱ።

የብረት ሥራው አደጋ የለውም አንልም። ትንሿ የእጅ ግራይንደር በደቂቃ እስከ 11 ሺህ ጊዜ ትሽከረከራለች። ዲስኳ ሲሰበር ቁራጩ እንደ ጥይት ስለሚወረወር የመከላከያ ሽፋኗን አውልቆ መሥራት ድፍረት ሳይሆን ጥፋት ነው። የብየዳ ብርሃን ያለ መከላከያ ጭምብል የታየ እንደሆነ ቀን ምንም ሳይሰማ ይውልና ማታ ዓይን ውስጥ አሸዋ የተበተነ ያህል ያንገበግባል። ድንች ቆርጦ ዓይን ላይ መለጠፍ ቢያቀዘቅዝም አያድንም፤ ሐኪም ይታይ። ዚንክ የተቀባ ብረት ሲበየድ ጭሱ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያመጣል። ለዚህም ወተት ጠጡ ይባላል፤ የሚጠቅመው ግን አየር በሚገባበት ቦታ መሥራት ነው። ናይሎን ልብስ በፍንጣሪ ቀልጦ ገላ ላይ ይጣበቃል። ነጠላና ያልታሰረ ጠጉር በመሰርሰሪያው ሊጠመጠም ይችላል። ስለዚህ ቱታው የወንድ ለመምሰል የሚለበስ አይደለም።

ልጃቸውን የሚልኩ እናቶች ከመመዝገባቸው በፊት አንድ ቀን ወደ ወርክሾፑ ገብተው ቢያዩ መልካም ነው። ጭምብሉና መነጽሩ ለተማሪው ይዳረሳል ወይ? ሴቶች ልብስ የሚቀይሩበት ክፍል አለ ወይ? ለተግባር ልምምድ የሚላኩበት ጋራዥ ወይም ብየዳ ቤት ባለቤቱ ማን ነው፣ ስንት ሰዓት ላይ ይዘጋል? ይህን መጠየቅ የእናት መብት ነው፤ የሚቆጣ አስተማሪም ካለ ይቆጣ።

በቅርቡ በአሰላ ስናልፍ እኚያን እናት አገኘናቸው። ልጅቱ ኤሌክትሪኩን ገብታለች። ጎረቤት ብሏል፤ አሁንም ይላል። ከወራት በኋላ ግን ልጅቱ የቤታቸውን ምጣድ ገመድ አይታ «እማዬ፣ ይሄ ሳይቀየር እንጀራ አይጋገርበትም» ብላ ከለከለቻቸው። ሽቦው ተገዝቶ፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ አብሯት ሆኖ እስኪዘረጋ ድረስ ሁለት ቀን አለፈ። እናት በእነዚያ ሁለት ቀናት እንጀራ የተበደሩት «ማን ያገባታል» ካሉት ጎረቤት ነው። በሦስተኛው ቀን ጋግረው ሲጨርሱ ስፒናውን በእጃቸው ጀርባ ነክተው አዩት። ቀዝቃዛ ነበር። ጎረቤቲቱም በማግሥቱ «ልጅሽ የእኔንም መጥታ ትይልኝ» ብለው ላኩባቸው።