በጨረቃ ላይ ታየ የተባለው ድልድይ

ባለፈው ሰሞን ከጥቂት ተማሪዎች ጋር ተቀምጠን ስንጨዋወት አንደኛው፥ «በጨረቃ ላይ ድልድይ ታይቷል የሚባለው እውነት ነውን?» ሲል ጠየቀን። እኛ ከመመለሳችን በፊት ጓደኛው ቀበል አድርጎ፥ «ታይቷል እንጂ! ሊቃውንቱ ግን ነገሩን ሸፍነውታል» አለ። ሦስተኛው ሳቀና፥ «የሥራ ፈቶች ወሬ ነው» ብሎ ጨዋታውን ዘጋው። ከሦስቱ መካከል ነገሩ እንዴት እንደ ተነሣ የሚያውቅ አልነበረም። ያመነውም ሳይመረምር አመነ፤ የሳቀውም ሳይመረምር ሳቀ። የዛሬውን ገጽ ለዚህ ለድልድይ ታሪክ የሰጠነው ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንደ ተሳሳተ ለመፍረድ ስለ ተቸገርን ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን ይወቁልን።

ድልድዩን በመጀመሪያ አየሁ ያሉት ሰው ሥራ ፈት አልነበሩም። ሚስተር ጆን ኦኒል የኒውዮርክ ሄራልድ ትሪቢዩን ጋዜጣ የሳይንስ አዘጋጅ ነበሩ። በ1937 ከሌሎች የሳይንስ ጋዜጠኞች ጋር የፑሊትዘርን ሽልማት የተቀበሉ፥ የኤሌክትሪክ ሊቅ የነበረውን የኒኮላ ቴስላን የሕይወት ታሪክ ጽፈው በ1944 ያሳተሙ፥ የተከበሩ ጸሐፊ ነበሩ። ሰማይን መመልከት ግን እንጀራቸው ሳይሆን ፍቅራቸው ነበር። ፈረንጆች እንዲህ ያለውን ሰው አማተር ይሉታል፤ ደመወዝ ሳይከፈለው፥ አለቃ ሳያዘው፥ ሌሊቱን ለአንድ ነገር ሲል በብርድ የሚያሳልፍ ማለት ነው።

በ1953 ዓ.ም. ጁላይ 29 ቀን ሌሊት፥ ማለት ጨረቃ ሙሉ ከሆነች ከሦስት ቀን በኋላ፥ ሚስተር ኦኒል የ4 ኢንች ቴሌስኮፓቸውን ማሬ ክሪሲየም ወደሚባለው ጥቁር ሜዳ አዞሩ። ይህ ሜዳ ባሕር ይባል እንጂ ጠብታ ውሃ የለበትም፤ የጥንት ቀላጭ ድንጋይ ፈስሶ የረጋበት፥ ከዳር እስከ ዳር 550 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን ሰፊ ዝቅታ ነው። ዐይኑ ደኅና የሆነ ሰው ያለ ምንም መሣሪያ በጨረቃ ጠርዝ አጠገብ እንደ ጥቁር እንቁላል ሆኖ ያየዋል። በምዕራባዊ ዳርቻው ላቪኒየምና ኦሊቪየም የተባሉ ሁለት ሹል ኮረብታዎች ወደ ሜዳው ገብተው ፊት ለፊት ይተያያሉ። ሚስተር ኦኒል በዚያ ሌሊት በሁለቱ ኮረብታዎች መካከል፥ ከበላዩ ጠቆር ያለ ቅስት፥ ከበታቹ ደግሞ አሾልኮ የሚያልፍ የፀሐይ ብርሃን አዩ። ልካቸውም 12 ማይል፥ ወይም ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሆነባቸው። ደጋግመው ከተመለከቱ በኋላ አሜሪካ ውስጥ ላለው የጨረቃና የፕላኔቶች ተመልካቾች ማኅበር ጻፉ። የጻፉትም ተፈጥሮ የሠራችው ታላቅ ድልድይ አየሁ ብለው እንጂ፥ ማንም ፍጡር ገነባው ብለው አልነበረም። ይህን አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ኋላ ይፈለጋልና።

ሚስተር ኦኒል የነገሩን ፍጻሜ አላዩም። ወር እንደ ሞላ፥ ኦገስት 30 ቀን ዐረፉ።

ከዚያ ወዲህ ድልድዩን የተረከቡት ብሪታንያዊው ሚስተር ዊልኪንስ ናቸው። እኒህም ሰው በሙያቸው መሐንዲስ፥ በመተዳደሪያቸው የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። በትርፍ ጊዜያቸው ያዘጋጁት የጨረቃ ካርታ ስፋቱ 300 ኢንች ያህል ሲሆን፥ በብሪታንያ የሥነ ፈለክ ማኅበርም የጨረቃውን ክፍል ይመሩ ነበር። ስለዚህ እርሳቸው አየሁ ያሉት ነገር ተሰሚነት ነበረው። በዚያው በኦገስት ወር በሚበልጥ ቴሌስኮፕ ተመልክተው ድልድዩ እንዳለ አረጋገጡ፤ ወርዱን ግን 2 ማይል ያህል አደረጉት።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። አንዱ 12 ማይል አለ፤ ሁለተኛው 2 ማይል አለ። ስድስት እጥፍ ልዩነት አለ ማለት ነው። አንድ ሰው «የአባይን ድልድይ አየሁ፤ ርዝመቱ 600 ክንድ ነው» ቢል፥ ሌላውም «እውነቱን ነው፥ እኔም አይቼዋለሁ፤ ርዝመቱ 100 ክንድ ነው» ቢል፥ ሁለቱ ምስክሮች ተስማሙ ብሎ የሚፈርድ ዳኛ ይገኛልን? ያን ጊዜ ግን ብዙ ሰው የሰማው «አረጋገጡ» የሚለውን ቃል ብቻ ነበር። ሚስተር ዊልኪንስ በዲሴምበር 1953 በቢ.ቢ.ሲ. ራዲዮ ሲጠየቁ ድልድዩ የእጅ ሥራ እንደሚመስል ተናገሩ። ምናልባት ለማመሳሰል ያህል ብለውት ይሆናል፤ መሐንዲስ ሰው ደኅና ቅስት ሲያይ አፉ ላይ የሚመጣው እንዲህ ያለ ቃል ነውና። ነገር ግን በራዲዮ የወጣ ቃል አይመለስም። በ1955 ስለ በራሪ ሳሕኖች መጽሐፍ የጻፉት አሜሪካዊው ዶናልድ ኪሆ የጨረቃን ድልድይ ለነገራቸው ማስረጃ አድርገው ጠቀሱት። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንደሚባለው፥ ቴሌስኮፕ በዐይኑ ያላየ ሁሉ ስለ ድልድዩ ሠሪዎች ማውራት ጀመረ። ተፈጥሮ የሠራችው ያሉት የሚስተር ኦኒል ቃልም በመካከሉ ጠፋ።

እንግዲህ በዚያ ቦታ ያለው ምንድን ነው? በ1967 ሉናር ኦርቢተር 4 የተባለችው መንኰራኵር ጨረቃን እየዞረች ፎቶግራፍ አነሣች። ከ2009 ጀምሮ ደግሞ ሉናር ሪኮኔሳንስ ኦርቢተር የተባለችው፥ የአፖሎ ሰዎች የረገጡት ዱካ ሳይቀር እስኪታይ ድረስ የጨረቃን ገጽ አሳይታናለች። በላቪኒየምና በኦሊቪየም መካከል ድልድይ የለም። ያሉት ኮረብታዎች፥ ያረጁና የፈራረሱ ጉድጓዶች፥ ዝቅ ያሉ ጉብታዎች ናቸው።

ታዲያ ሁለት ልምድ ያላቸው ሰዎች ምን አዩ? ያዩት ጥላና ብርሃን ነው። በጨረቃ ላይ አየር ስለሌለ ጥላ እንደኛ አገር ፈዘዝ አይልም፤ እንደ ቀለም የጠቆረ ነው። ፀሐይም ከአድማስ 2 ዲግሪ ብቻ ከፍ ስትል፥ 500 ሜትር ቁመት ያለው ኮረብታ 14 ኪሎ ሜትር የሚሆን ጥላ በሜዳው ላይ ይጥላል። በማታ ወደ ገጠር የወጣ ሰው ፀሐይ ስትጠልቅ የአንድ እረኛ ጥላ ማሳውን ሲያቋርጥ አይቷል፤ የጨረቃውም ነገር ይኸው ነው፤ መጠኑ ግን ሌላ ነው። በዚህ ላይ የ4 ኢንች ቴሌስኮፕ በጸጥተኛ ሌሊት እንኳ ለይቶ የሚያሳየው ወርዱ 2 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነውን ነገር ነው፤ ጨረቃ ከእኛ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ትርቃለችና። ከዚያ ያነሰውን ዐይን አያየውም። ግን ክፍት ቦታ አይወድም፤ የጐደለውን ከሚያውቀው ነገር ወስዶ ይሞላዋል። ሁለት ኮረብታ ፊት ለፊት ቆመው በመካከላቸው ብርሃን ሲያልፍ፥ ከተማ ያደገ ሰው ዐይን ምን ብሎ እንደሚሞላው መገመት አያስቸግርም።

ነገሩን ቶሎ ለማጣራት ያላስቻለ ሌላም ምክንያት ነበረ። ፀሐይ በዚያ ቦታ ላይ ያን የመሰለ ብርሃን የምትጥለው በየ29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ገደማ ነው። ትርፉን 12 ሰዓት ልብ ይሏል። ዛሬ ሌሊት ያየነው ብርሃን በሚመጣው ወር ሲመለስ በእኛ ዘንድ ቀን ሆኖ፥ ጨረቃም ከአድማስ በታች ሆና ይገኛል። ስለዚህ ተመልካቹ ሁለት ወር መጠበቅ አለበት፤ በዚያችም ሌሊት ደመና ከመጣ አራት ወር ነው። ወሬ ግን ሁለት ወር አይጠብቅም።

እኛም ራሳችንን ከዚህ አናወጣም። ዩኒቨርሲቲ ሳለን ከአንድ ወዳጃችን ጋር፥ በውሰት ባገኘነው ትንሽ ቴሌስኮፕ ይህንኑ ቦታ እየተፈራረቅን ተመልክተን በየወረቀታችን ሣልነው። የእኛ ሥዕል በሁለቱ ኮረብታዎች መካከል ቀጭን የብርሃን ክር ነበረበት፤ የወዳጃችን ሥዕል ግን ጥቁር ጥላ ብቻ ነበረበት። ሌሊቱ አንድ፥ መሣሪያውም አንድ ነበር። ልዩነቱ እኛ የድልድዩን ታሪክ አስቀድመን ማንበባችን፥ እርሱ ግን አለማንበቡ ነበር። በዚያ ሌሊት ያፈርነውን ኀፍረት እስከ ዛሬ እናስታውሳለን፤ ወዳጃችን ግን ሥዕላችንን አሁንም ባገኘን ቁጥር ያነሣብናል።

እንዲህ ያለው ነገር በሚስተር ኦኒል አልተጀመረም። የሙኒኩ ግሩይትሁይዘን በ1822 በጨረቃ መካከል የተሰለፉ ጉብታዎችን አይተው የግንብ ከተማ አገኘሁ ብለው በ1824 አሳተሙ፤ ሌሎች በተሻለ መሣሪያ ቢመለከቱ ጉብታዎቹ ጉብታዎች ሆነው ተገኙ። በአቴና የነበሩት ዩልዩስ ሽሚት ደግሞ በ1866 ሊኔ የተባለው ጉድጓድ ጠፋ ብለው አስታወቁ። ሊኔ ግን ዛሬም አለ፤ ወርዱ ከ2 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚያልፍ ትንሽ ጉድጓድ ነው፤ በዙሪያው ያለው ነጭ አፈር ፀሐይ ከፍ ስትል ዐይንን እያታለለ ሲያስቸግር ኖሯል። በ1968 የአሜሪካ የጠፈር መሥሪያ ቤት ናሳ ከ1540 እስከ 1967 በጨረቃ ላይ ታዩ የተባሉትን ያልተለመዱ ነገሮች ሰብስቦ ሲያሳትም ቁጥራቸው 579 ሆነ። ከነዚህ ውስጥ ስንቱ ጥላ፥ ስንቱ የምድራችን አየር መንቀጥቀጥ፥ ስንቱ እውነተኛ እንደ ሆነ እስከ ዛሬ ክርክር አለበት።

አንዳንድ ሰው ከዚህ ተነሥቶ፥ «እንግዲያው አማተሮቹ ቢተዉት ይሻላል» ይል ይሆናል። በዚህ አንስማማም። ድልድዩ በተወራበት በዚያው በ1953፥ ኖቬምበር 15 ቀን፥ በኦክላሆማ የሚኖሩ ሊዮን ስቱዋርት የተባሉ ሐኪም ጨረቃን ፎቶግራፍ ሲያነሡ አንዲት ነጭ ብልጭታ ሥዕሉ ላይ ተያዘች። ሃምሳ ዓመት ካለፈ በኋላ ሁለት ተመራማሪዎች በዚያ ቦታ አዲስ የሚመስል ጉድጓድ አገኘን አሉ። ዳሩ ግን ያ ጉድጓድ ብልጭታው ከመታየቱ በፊት በተነሡ ፎቶግራፎች ላይም ስላለ ነገሩ እንደገና ተከፈተ። ስለ ሥዕሉ መከራከር የተቻለው ሥዕሉ ስላለ፥ ቀኑም ስለ ተጻፈበት ነው። በጃንዋሪ 21 ቀን 2019 ደግሞ ጨረቃ ሙሉ በሙሉ በግርዶሽ ሳለች አንዲት ብልጭታ በጥቁሩ ፊቷ ላይ ታየች። በስፔን ያሉ ተመራማሪዎችና በልዩ ልዩ አገር ያሉ፥ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ አማተሮች በአንድ ሰከንድ በአንድ ቦታ መዝግበዋት ተገኙ። ድንጋይ ከጠፈር መጥቶ ጨረቃን እንደ መታ ማንም አልተጠራጠረም። ያን ጊዜ ከአማተሮቹ የተገኘው ማረጋገጫ በ1953 ከተሰጠው ማረጋገጫ ጋር ስሙ አንድ ነው፤ ግብሩ ግን ሌላ ነው።

ስለዚህ የእኛ ፍርድ ይህ ነው። ሚስተር ኦኒል ተሳስተዋል፤ ነገር ግን ቀኑን፥ መሣሪያውን፥ ልኩን ጽፈው፥ «እናንተም እዩ» ብለው ለሌሎች ስላቀረቡ፥ ስሕተታቸውን የምንይዝበትን እጀታ ራሳቸው ሰጥተውናል። ነገሩ የተበላሸው «አየሁ» የሚለው ቃል «ይመስላል» ወደሚለው፥ «ይመስላል» ደግሞ «ነው» ወደሚለው በተሸጋገረ ጊዜ ነው። ይህ በሰማይ ጉዳይ ብቻ የሚደርስ አይደለም። አንድ ወጣት ሠራተኛ የተሰበረ የእንጨት ድልድይ መርምሮ እንዲመጣ ወደ ወረዳ ተልኮ፥ ወንዙ ስለ ሞላበት ከማዶ ቆሞ ተመልክቶ ተመለሰ እንበል። በሪፖርቱ ላይ «ምሰሶዎቹ ደኅና ናቸው» ብሎ ይጽፋልን? ወይስ «ከማዶ ሆኜ በተመለከትሁት መጠን በምሰሶዎቹ ላይ ጉዳት አላየሁም» ብሎ ይጽፋል? ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ረዘም ይላል፤ አለቃም ላያስደስት ይችላል። ነገር ግን በዚያ ድልድይ ላይ የጭነት መኪና የሚያሳልፈው ሾፌር የሚፈልገው እርሱን ነው።

ለጠየቀን ተማሪ የሰጠነው መልስ ወደ ጨረቃው የሚመልስ ነበር። ጨረቃ ሙሉ ከሆነች በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሌሊት፥ በግምት ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ወደ ምሥራቅ ይመልከት። በእኛ አገር ጨረቃዋ በዚያ ሰዓት ስትወጣ ጥላው መንከስ የሚጀምራት ከላይ በኩል ነው፤ ማሬ ክሪሲየምም እዚያው በተነከሰው ጠርዝ ላይ ይገኛል። ቴሌስኮፕ ካገኘ ብዙው ዐይነት ሥዕሉን ገልብጦ እንደሚያሳይ አይርሳ። ብቻውንም አይሂድ። ያመነውንና የሳቀውን ጓደኞቹን ይዞ ይሂድ፤ ሦስቱም ሳይነጋገሩ፥ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ይሣሉ፤ በወረቀቱ ጥግም ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፉ። ሥዕሎቹን ቢልኩልን ሦስቱንም ጐን ለጐን አድርገን በዚህ ገጽ እናወጣቸዋለን፤ የራሳችንንም የድሮ ሥዕል፥ ከነብርሃን ክሩ፥ አብረን እናወጣዋለን።