አረጋውያንን ማክበር ከቤታችን ወለል ይጀምራል



ሽማግሌ ሲገባ ከመቀመጫ ብድግ ማለት፣ በማዕድ ጊዜ ቀድሞ ማስታጠብ ያደግንበት ባህል ነው። በስደትም አልተውነውም። ሆኖም አንድ ጥያቄ ራሳችንን መጠየቅ ይገባናል። ቀን ተነሥተን የምናስቀምጣቸው አባትና እናት ሌሊት ለሽንት ሲነሡ ምን ላይ ይረግጣሉ?

በካኩማ ካምፕ ብዙዎቻችን የምንኖረው ከጭቃ ጡብና ከቆርቆሮ በተሠራች ጠባብ ቤት ውስጥ ነው። ከመኝታ እስከ መጸዳጃ ቤት ባለው መንገድ ላይ ጀሪካን፣ የከሰል ምድጃ፣ የተቦረቦረ ወለልና ከፍ ያለ የበር ደፍ አለ። በብዙ ቤት መብራት የለም። ለወጣት ይህ ምንም አይደለም። ዐይናቸው ለደከመና ጉልበታቸው ለከዳቸው ሰው ግን የዳሌ አጥንት የሚሰበርበት መንገድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ ወድቀው ከሚሞቱ ሰዎች መካከል ከፍተኛውን ቁጥር የሚይዙት ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ናቸው። ስብራቱ ባይገድል እንኳ ተኝቶ መክረም የአልጋ ቁስልና የሳንባ ምች ያስከትላል።

አረጋውያን ይህን አደጋ ያውቁታል። ስለዚህም ብዙዎቹ ከቀትር በኋላ ውኃ መጠጣት ይተዋሉ። አንዲት ጎረቤቴ የሆኑ እናት «ልጄ፣ ካልጠጣሁ አልነሣም፤ ካልተነሣሁ አልወድቅም» ብለውኝ ነበር። በዚህ ሙቀት ውኃ መተው ግን ሽንትን ያቃጥላል፣ የደም ግፊትን ያወርዳል፣ ራስን ያዞራል። እኒህ እናት የወደቁት በፈሩት ሌሊት ሳይሆን ረፋድ ላይ፣ ከመደባቸው ብድግ ሲሉ ራሳቸውን አዙሯቸው ነው።

በእኔ እምነት አብዛኛው መፍትሔ በእጃችን ነው። ወለሉን በጭቃ ሞልቶ መለቅለቅ፣ መተላለፊያውን ከዕቃ ነፃ ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም። የበሩ ደፍ ጎርፍ ስለሚከለክል ማፍረስ አያስፈልግም፤ በውስጥም በውጭም ሰፋ ያለ ደረጃ ከድንጋይና ከጭቃ ቢሠራለት፣ ጠርዙም በኖራ ቢቀባ በጨለማ ይለያል። መሬት ላይ ከተነጠፈ ፍራሽ መነሣት ለአረጋዊ ከባድ ነው፤ መደቡ እስከ ጉልበት ከፍ ይበል። ከአጠገቡ የሚጨበጥ ጠንካራ እንጨት ይተከል፤ በመጸዳጃ ቤቱም ውስጥ እንዲሁ። ሲነሡ መጀመሪያ ቁጭ ብለው ትንሽ ይቆዩ፤ ከዚያ ይቁሙ። የግፊት መድኃኒት የሚወስዱና ራሳቸውን የሚያዞራቸው ከሆነ መድኃኒቱን በራሳቸው ሳያቋርጡ ለክሊኒኩ ይንገሩ።

ለሌሊት ክዳን ያለው ፖፖ ወይም ባልዲ ማዘጋጀት ከሁሉ ይቀላል። የሚከብደው ኀፍረቱ ነው። ይህን ኀፍረት የምናቀለው ግን እኛ ልጆች ነን። ጠዋት ፊታችንን ሳናጠቁር ከደፋነውና ካጠብነው እናታችን ውኃ አትተውም።

አንዳንዶች «ነገ ለምንለቀው ቤት ጭቃ ማቡካት ምን ይጠቅማል?» ይላሉ። የመልሶ ማስፈር ተስፋ ያለው ሰው ይህን ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ካምፑ በ1992 እ.ኤ.አ. ሲከፈት በ30 ዓመቱ የገባ ሰው ዛሬ 60 ዓመት አልፎታል። «ነገ» ሲባል ያረጀው እዚሁ ነው። ደግሞስ ዳሌው የተሰበረ ሰው ነገ ጉዞው ቢመጣ እንዴት ይጓዛል?

ሁሉም ነገር በቤተሰብ አቅም አይፈታም። ስፌር የተባለው የዓለም አቀፍ ርዳታ መመሪያ የጋራ መጸዳጃ ቤት ከመኖሪያ ከ50 ሜትር በላይ እንዳይርቅ ያዛል። ምርኩዝ ለያዘ ሰው 50 ሜትርም ሩቅ ነው። ስለዚህ አዲስ መጸዳጃ ቤት ሲቆፈር አረጋዊ ያለበት ቤት ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል። የብሎክ መሪዎችም ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን ለጤና ሠራተኞች ያሳውቁ። ለእነርሱ ጭቃ የሚያቦካ ልጅ የለም፤ የጎረቤት ወጣቶች አንድ ቀን ቢሰጧቸው ይበቃል።

ዛሬ ማታ መብራቱን አጥፍታችሁ ከእናታችሁ መኝታ እስከ መጸዳጃ ቤቱ ድረስ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። እግራችሁን ያደናቀፈውን ነገር ነገ ጠዋት አንሡት።