ሆድ ይፍጀው?

በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን መግባቱ በተነገረ በጥቂት ቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በዚያው ወር ማብቂያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ ሆኖ መሰብሰብም ተከለከለ። ያን ጊዜ ብዙዎቻችሁ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለ ነበራችሁ፣ ከሁሉ ይልቅ የምታስታውሱት የጨዋታውን መቅረት ይሆናል። ታላላቆቻችሁ ግን ሌላ ሸክም ነበረባቸው።

በምሥራቅ ጎጃም ያሉት ቢቸናና ሞጣ ሰው ብቻውን የሚኖርባቸው ከተሞች አይደሉም። ቡና ተፈልቶ አንድ ጎረቤት ከቀረ፣ አቦሉ ሳይቀዳ «ምን ሆኖ ይሆን?» ይባላል፤ ልጅ ይላክበታል። ያዘነ ሰው ማዘኑን ባይናገር እንኳ ፊቱ ይናገርለታል። «ሆድ ይፍጀው» የሚለው አነጋገር ብዙ ሰው ሳይጎዳ የኖረው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ሆድ የሸሸገውን ጎረቤት ያይ ነበርና። በሽታው ሲመጣ ግን የቡናው ጥሪ ተቀዛቀዘ፤ ለቅሶ እንኳ ከሩቅ ሆነ፤ ፊትም በጭንብል ተሸፈነ። እርግጥ ነው፣ ክልከላው በየመንደሩ እኩል ተጠብቋል ማለት አይደለም።

ከገጠር መጥተው በከተማ ቤት ተከራይተው ይማሩ የነበሩት ልጆች ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደየወላጆቻቸው ተመለሱ። ትምህርቱ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ቢቀጥልም በየቤቱ አልደረሰም። «ደብተሬን ዳግመኛ እገልጥ ይሆን?» እያለ ከብት ሲጠብቅ የሚውለው ልጅ ጭንቀቱን ለማን ይንገር? በዚያ ወቅት በክልሉ ያለዕድሜያቸው ጋብቻ የተደገሰላቸው ልጃገረዶች ጥቂት አልነበሩም። ጓደኞቻቸውና መምህራኖቻቸው ርቀው ሳለ፣ ድግሱን ለማስቀረት ወሬው በሆነ መንገድ ከቤት መውጣት ነበረበት።

«ጭንቀቴን ብናገር መንደሩ አያማኝምን?» ትሉ ይሆናል። ስጋታችሁ ከንቱ አይደለም፤ በትንሽ ከተማ ወሬ ፈጥኖ ይዞራል። ነገር ግን ለመንደሩ ሁሉ ንገሩ አላልሁም። አክስት ትሁን፣ መምህር ወይም የሃይማኖት አባት፣ አንድ የምታምኑትን ሰው ምረጡ። እንቅልፍ ማጣቱ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋቱና የሚወዱትን ሥራ መጥላቱ ሁለት ሳምንት ከዘለቀ ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የተባለው ስለ ቁስልና ስለ ወባ ብቻ አይመስለኝም።

ከጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት ቤቶች ደረጃ በደረጃ ሲከፈቱ፣ ያልተመለሱ ልጆች ነበሩ። መምህሩ ስማቸውን ከመዝገብ ሲጠራ ክፍሉ ዝም ይላል፤ ምን እንዳገኛቸው አብሯቸው የተቀመጠው ጓደኛቸው እንኳ አያውቅም።