ፈቃዱ በአንዱ ስም፣ ገንዘቡ የሁለት

አዲስ አበባ፣ አብነት ሰፈርና አካባቢው ሱቅ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው እንዲህ ነው። አንዱ ገንዘብ ያወጣል፣ ሌላው ቆሞ ይሠራል። ንግድ ፈቃዱም፣ ቲን ቁጥሩም፣ የኪራይ ውሉም በሚሠራው ሰው ስም ይወጣል። «ትርፉ እኩል ነው» ይባባላሉ፤ ምስክሩ አብሯቸው ቡና ሲጠጣ የነበረ ወዳጅ ነው። ሱቁ ገና እየተንገዳገደ ሳለ ጠብ የለም። ጠቡ የሚመጣው ደንበኛ ሲለምድና ገንዘብ መታየት ሲጀምር ነው። ያኔ ሽማግሌ ይገባል፤ ሽማግሌ ሲያቅተው ልደታ ምድብ ችሎት ሩቅ አይደለም።

እዚያ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው «ወረቀት ከሌለህ ተወው» የሚል ምክር ነው። ምክሩ ትክክል አይደለም። የ1952ቱ የንግድ ሕግ የእሽሙር ማኅበር የሚለውን ሽርክና በጽሑፍ አድርጉ ብሎ አያስገድድም ነበር፤ ማስመዝገብም አይጠይቅም ነበር። በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243ም፣ ይህን ዓይነት ማኅበር አላስቀረውም። በፍትሐ ብሔር ሕጉም ማስረጃ ሰነድ ብቻ አይደለም፤ ምስክር፣ የሕሊና ግምት፣ የባላጋራ ማመንና መሐላም ማስረጃ ናቸው።

ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ግዴታ ይፈጸምልኝ የሚል ሰው ግዴታው መኖሩን ማስረዳት አለበት። ያ ወዳጅ ገንዘብ ሲሰጥ አይቻለሁ ይል ይሆናል። ትርፉ እኩል ቢባልም፣ ኪሳራውስ የማን ነው? የሚሠራው ሰው ደመወዝ ከትርፉ በፊት ያነሳ ነበር? ቡና ላይ ይህን ያወራ የለም።

በሞባይል ባንኪንግ ገንዘብ ስንልክ «ምክንያት» የሚል ባዶ ቦታ አለ። አብዛኛው ሰው ነጥብ አስቀምጦ ያልፈዋል። ከዓመታት በኋላ ተከሳሹ «ብድር ነበር» ሲል የሚፈለገው ያቺ ባዶ ቦታ ናት። ብድር ከተባለ የሚመለሰው ዋናው ብቻ ነው፤ ሱቁ ያደገው ሁሉ ለአንዱ ይቀራል፣ ዋናውንም የኑሮ ውድነት በልቶታል። ከሳሹ ተስፋ ቆርጦ ራሱ «እሺ፣ ብድሬን ይመልስ» ቢል ደግሞ ሌላ ግድግዳ ይገጥመዋል፤ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት በማመን ወይም በመሐላ እንጂ በምስክር አይረጋገጥም። ይህ የ500 ብር ጣሪያ የ1952 ነው። ዛሬ አንድ ኪሎ ሥጋ አይገዛም። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሚያየው የገንዘብ መጠን በ2013ቱ አዋጅ ቁጥር 1234 ከ500 ሺህ ወደ 10 ሚሊዮን ብር ሲያድግ፣ ይህኛው የተተወበት ምክንያት አይገባኝም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ይሉኝታው የሚጎዳው ማንን እንደሆነ ነው። ፈቃዱ በስሙ የሆነ ሰው ወረቀት ባይኖርም ምንም አይቀርበትም። የሚቀርባት ከዓረብ አገር ደመወዟን ለወንድሟ የላከች እህት ናት፣ ወርቋን ሸጣ የሰጠች ሚስት ናት። በእሽሙር ማኅበር ሦስተኛ ወገን የሚያውቀው ሥራ አስኪያጁን ብቻ ነው፤ ለአከራዩም፣ ለባንኩም፣ ለገቢዎችም እሷ የለችም። «ወንድሜን ወረቀት ፈርም ልለው?» ትላለች። እሱ ግን ዕቁብ ሲገባ ጸሐፊ ተሹሞ ስሙ ተመዝግቧል፣ ሲደርሰው ዋስ ጠርቷል፤ ማንም አልተቀየመም።

አንድ ገጽ ይበቃል። ማን ስንት አወጣ፣ ማን ሠርቶ ምን ያነሳል፣ ኪሳራው እንዴት ይከፈላል፣ ሲለያዩ ዕቃውና ለሱቁ የተከፈለው የቁልፍ ገንዘብ ለማን ይሆናል። ሁለቱም ይፈርሙ፣ ሁለት ምስክር ይፈርምበት፣ ቅጂው በየእጃቸው ይቅር። ሽማግሌዎቻችንም ከጠቡ በኋላ ከመጠራት ይልቅ፣ ሱቁ ሲከፈት ይህን ገጽ አስፈርመው ይመርቁ። ንግድ ፈቃድ የሚሰጠው የወረዳው ጽሕፈት ቤትም ባዶ ቅጹን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ አመልካቹን «በዚህ ሥራ ገንዘብ ያወጣ ሌላ ሰው አለ?» ብሎ ይጠይቅ።