ጋኔኑን ማን ሣለው?

ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ለሙግት ነው። ሙግቴም ከመዳፍ በማታልፍ የመጫወቻ ካርታ ላይ ያለ ሥዕል እያደነቁ የአያቶቻቸውን ክታብ ከሚጠየፉ ወገኖቼ ጋር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1993 አሜሪካ ውስጥ «ማጂክ፡ ዘ ጋዘሪንግ» የተባለ የካርታ ጨዋታ ወጣ። ካርታዎቹ የሚሰበሰቡ፣ የሚለዋወጡ፣ የሚሸጡ ናቸው፤ በየፊታቸውም ዘንዶውና ጋኔኑ ተሥሎባቸዋል። ማርክ ቴዲን በዚያው ዓመት የሣለው ባለቀንድ ጂን ዛሬም ከተጫዋቾች ልብ አልወጣም። ክሪስቶፈር ራሽ የሣላት ጥቁር አበባ፣ «ብላክ ሎተስ»፣ ያለችበት አንድ ካርታ በ2021 በጨረታ ከ500,000 ዶላር በላይ ተሽጧል። ይደነቅ፤ አልቃወምም። ምናብ የትም ቢወለድ ምናብ ነው።

ግና የእኛስ? ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የቤተ ክህነት ትምህርት አገር ናቸው፤ የድጓ ማስመስከሪያው ቤተልሔም የሚገኘው በጋይንት ምድር ነው። እንዲህ ባለው አገር ከዜማውና ከቅኔው ጎን ሌላም ጥበብ ኖሯል፤ ደብተራው በፍየል ወይም በበግ ብራና ላይ ክታብ ይጽፋል፣ ጠልሰም ይሥላል። በፈረስ ተቀምጦ ሕፃናት ገዳይዋን ወርዜልያን በጦር የሚወጋ ቅዱስ ሱስንዮስ፤ ሰይፍ የመዘዙ መላእክት፤ አጋንንትን እንደ ዓሣ የሚያጠምድ የሰሎሞን መረብ፤ ከሐረጉ መካከል ትክ ብለው የሚያዩ ዐይኖች…

የካርታው ጂን ለጨዋታ ተሣለ። ወርዜልያ ግን ሾተላይ ልጆቿን ለነጠቃት እናት ተሣለች። ብራናው በሴቲቱ ቁመት ይለካል፤ የክርስትና ስሟም በጸሎቱ መካከል ይገባል። ካርታ ሲነካካ ዋጋው ይወድቃልና በላስቲክ ይሸፈናል፤ ክታብ ግን ከገላ ሊውል ተሠርቷልና ላብና ጭስ ጠጥቶ ያረጃል። ለመሆኑ ለሰው ሕይወት የቀረበው ሥዕል የትኛው ነው?

«ጥንቆላ ነው፤ ይቃጠል» ይሉኛል። የቤተ ክርስቲያን መምህራን አስማቱን እንደሚነቅፉ አውቃለሁ፤ የታመመም ሐኪም ዘንድ ይሂድ እላለሁ። ነገር ግን በጂኑ የማያምን ሰው የቴዲንን ሥዕል ማድነቅ ከቻለ፣ በወርዜልያ የማያምን ሰው የደብተራውን እጅ እንዳያደንቅ ማን ከለከለው?

«ቅርስ ነው፤ ለጎብኚ ይሸጥ» የሚሉትም ከቃጣዮቹ እምብዛም አይሻሉም። ያለ ታሪኩ የተሸጠ ክታብ በሰው አገር መደርደሪያ ላይ ዲዳ ሆኖ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1997 ፈረንሳዊው ተመራማሪ ዣክ መርሲዬ ኒው ዮርክ ላይ ባዘጋጀው ዐውደ ርእይ የጌራና የጌዴዎን ጠልሰሞች በየሠዓሊዎቻቸው ስም ታይተዋል። ስንቱ ክታብ ግን ይህን ዕድል አላገኘም!

በካርታው ግርጌ የሠዓሊው ስም ታትሟል። ክታቡ ላይ የተጻፈው ግን የታማሚዋ ስም ነው፤ የሠዓሊው አይደለም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፦ የቤታችሁን ክታብ ከማቃጠላችሁ ወይም ከመሸጣችሁ በፊት ማን ጻፈው፣ ለማን፣ ለየትኛው ደዌ፣ በየትኛው ደብር ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም መዝግቡ። ጋኔኑን ማን እንደሣለው የሚያውቁ አዛውንት ገና አሉና።