የቻይና ብሩሽና የኛ መቃ

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኮንፊሽየስ ተቋም የቻይናን ቋንቋና ባህል ያስተምራል። ከቻይና ጥበባት አንዱ የብሩሽ ጽሕፈት ነው፤ ቀለሙም ከጥድ ጥላሸትና ከቆዳ ሙጫ ይበጃል። የኛም ቁም ጸሐፊ ቀለሙን ከጥላሸት አበጅቶ በመቃ ብርዕ ብራና ላይ ይጽፋል። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? እነርሱ ጥበባቸውን ባሕር አሻግረው ያስተምራሉ፤ እኛ ግን የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተ ልሔም በዚሁ በደቡብ ጎንደር ሳለች፣ ከሐሙሲት ተማሪዎች ስንቱ ብራና ሲፋቅ አይቷል?

የእንግዳውን ትምህርት በደስታ እንቀበል። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆትም ሆነ የየከተማው ቤተ መጻሕፍት ስለ ቻይና ብሩሽ ጉባኤ ባደረገ ጊዜ፣ አንድ ቁም ጸሐፊ አብሮ ይጋበዝ። ልጆቻችን ሁለቱን አስተያይተው ይማሩ። ሽማግሌው ተማሪ ሳያገኝ ካለፈ፣ ሙያው አብሮት ይቀበራልና።