ክረምት ሳይገባ ምድጃንና መስኮትን ስለ መመርመር

ክረምት በገባ ቁጥር የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ቤት ይገባል፤ መስኮቱም ብርድ እንዳይገባ በጨርቅ ይወተፋል። ከሰሉ ፍም ሆኗልና አይጎዳም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደም ጋር ለመጣበቅም ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበረታልና የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ራስ ምታቱን ምች ነው ብሎ ዳማከሴ መጠጣት፣ ፍሙ በተዘጋ ቤት ውስጥ እያለ፣ ምን ይረባል?

በተማርንበት በውጭ አገር ሰው ብርድ ሳይመጣ የጢስ መውጫውን ያስጠርጋል። ከቤቶቻችን ብዙዎቹ የጢስ መውጫ የላቸውምና ምርመራው በግንቦት ከመስኮቱ ይጀመር። መስኮት የሌለውን ክፍል የሚያከራየውን ባለቤት ግን ከተከራዩ አብልጠን እንወቅሳለን። ምድጃው ቤት ሳለ መስኮቱ አይዘጋ፤ ከመኝታ በፊትም ፍሙ ወደ ደጅ ይውጣ።